ወንድ የሚመርጠው ሽሮ

በደርግ ጊዜ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ከጉርድ ሾላ ውይይት ታክሲ ተሳፈርኩ። ስሙም ውይይት ነውና ዝም ብሎ የሚሄድበት ሰው የለም። ከጎኔ አንዲት ሽሮ ሻጭ እናት አንዱን የጤና ረዳት አፋጥጠውት ነበር።

«ሱቄን ለምን አሸጋችሁት?»

«እማማ፣ ሰፈሩን ተቅማጥ ፈጀው። ጤና ጣቢያ የመጡትን ምን በላችሁ ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ሁሉም ሽሮ አሉኝ።»

«ወንዶች ናቸው?»

«አዎ፣ ሁሉም ባለትዳሮች ናቸው።»

«ሚስቶቻቸውስ?»

«እነሱ ደህና ናቸው።»

«ታዲያ የእኔ ሽሮ ወንድ ይመርጣል?»

«እሱስ እኔንም ገርሞኛል።»

«ምን ይገርምሃል! ተደብቀው ቁርጥ የሚበሉበት ጓሮ አለ። በፍልሰታ ሥጋ በላሁ ብሎ የሚያስመዘግብ ማን አለ?»

«ጉድ ነው! ታዲያ እንዴት ላውጣጣቸው?»

«ሚስትም፣ የንስሐ አባትም በሌሉበት ጠይቃቸዋ፣ ልጄ።»

«እሺ እማማ። የአንዳቸውንም መልክ አልረሳሁም፤ ያገኘሁትን ሁሉ መንገድ ላይም ቢሆን እጠይቃለሁ።»

የጤና ጣቢያ ካርዴን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩና ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።