ሰማይ የተነፈገው ሳጥን

የሰሊጥ አጨዳ በደረሰበት ሰሞን ከአብርሃ ጅራ ያመጣኝ የጭነት መኪና አብደራፊ ገበያ ዳር አውርዶኝ ሄደ። እኔ የእርሻ መምህር ነኝ። ከከተማው ወዲያ በተንጣለለው ሜዳ የተዘራ አዲስ የሰሊጥ ዘር ማየት ነበረብኝ፤ ወደዚያ የሚወስደኝ መኪና ግን አላገኘሁም። ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ሱቅ ጠጋ ስል ከጓሮው የጭቅጭቅ ድምፅ ሰማሁ። የሰው ጭቅጭቅ ሰምቶ እንዳልሰሙ ማለፍ ጨዋነት መሆኑን አላጣሁትም፤ ተጨቃጫቂዎቹ ስለ ሳተላይት ሲነጋገሩ ብሰማ ግን እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

በቆርቆሮ ዳስ ሥር የውሃ በርሜል የጫነ አሮጌ ፒካፕ ቆሟል። ባለቤቱ ሐጂ ሐሚድ፣ በሱቃቸውም በእርሻቸውም የታወቁ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገዋል። ፊት ለፊታቸው ልጃቸው ሩፊዳ መፍቻ ይዛ ቆማለች፤ ጎንደር ኤሌክትሮኒክስ ተምራ የተመለሰች ወጣት ናት።

«ግቡ፣ ግቡ እንግዳ!» አሉኝ ሐጂ። «ዳኛ አጥተን ነበር፤ አላህ ላከዎት።»

ማን መሆኔን ከነገርኋቸው በኋላ ክሳቸውን ቀጠሉ። «ይስሙኝማ መምህር። ይህች ልጀ በገዛ እጇ ሳጥን ሠርታ ጋቢና ውስጥ ተከለችልኝ። ጂፒኤስ ነው፣ ቀስቱን ተከትላችሁ ሂዱ፣ ከእርሻው ያደርሳችኋል አለች። ባለፈው ሳምንት ሹፌሬ ሽኩር ቀስቱን ሲጠብቅ፣ ሳጥኑ ሳተላይት እየፈለግሁ ነው ሲል፣ መኪናው ሜዳ ለሜዳ ሲባዝን ለአጫጆቹ ውሃው የደረሰ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወዲያ ነው። አንዱአምላክ የሚባል የጎጃም ልጅ በጥም ወድቆ አገኘነው። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልጣመኝም። አገሩን ጥሎ እኔን ብሎ የመጣ የሰው ልጅ በእጀ ሊሞት ነበር። ኸላስ፣ በቃ! ሳጥኑ ይውጣ፤ መሪ እቀጥራለሁ።»

«የትኛውን መሪ አባየ?» አለች ሩፊዳ በትሕትና፣ ግን ሳትሸሽ። «የድሮው መሪያችን አያ አምባው ዐይናቸው ደክሞ ሳንጃ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። እሳቸውም ቢሆኑ መንገድ ያውቁ የነበረ በዛፍ ነው። 'ከትልቁ ግራር ወደ ቀኝ' ይሉ ነበር። ትልቁ ግራር ዛሬ ከሰል ሆኖ ተሽጧል።»

እውነቷን ነው። ያን አገር ያላየ ሰው 'መንገድ እንዴት ይጠፋል?' ይል ይሆናል። ማሽላው ከመኪናው ጣሪያ በላይ ነው፤ የትራክተር ዱካው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ምልክት የሚሆን ኮረብታ የለም። በስልክ አትመሩም ወይ ብየ ብጠይቅ ሩፊዳ ሳቀችብኝ፤ ስልክ በዚያ ሙቀት ግሎ ይዘጋል አለችኝ።

«አሁን ገና ማለዳ ነው» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «ውሃው የሚነሳ ረፋድ ላይ ነው። እስከዚያ ይታገሱኝ። ጥፋቱን ካላገኘሁ በገዛ እጀ ነቅየ እሰጠዎታለሁ።»

ሐጂ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ዳኛ ተብያለሁና ቀጠሮ ሰጠሁ።

ሩፊዳ ሳጥኑን ፈትታ፣ በባትሪ አስነሥታ፣ ከዳሱ ርቃ ሜዳው ላይ አኖረችው። ጥቂት ቆይቶ ሳተላይቶቹን አግኝቶ ቀስቱን አወጣ።

ሐጂ ተቆጡ እንጂ አልተደሰቱም። «ሜዳ ላይ ቢሠራ ምን ይፈይድልኛል? እኔ የምሄድ በመኪና!»

«እንግዲያው ሳጥኑ ደኅና ነው አባየ። የታመመው ማደሪያው ነው።»

ፒካፑን ገፍተን ከቆርቆሮው ሥር አወጣነው፤ ሳጥኑም ወደ ቦታው ተመለሰ። ቀስቱ ግን አሁንም አልመጣ አለ። ሐጂ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለምን አትቀይሪም ብለው ቢወተውቷት አሻፈረኝ አለች። «ሁሉን ባንድ ላይ ብነካካ ቢሠራም ያዳነውን አላውቀውም። ነገ ደግሞ ሲታመም እንደገና በዳበሳ ልንሄድ ነው። አንድ ባንድ ይሁን።» በትምህርት ቤት ስንቱን ዓመት ይህን ለማስረዳት ስደክም ኖሬያለሁ፤ እሷ መፍቻ ይዛ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው።

ከዚያ እጇን ወደ መስታወቱ ሥር ሰደደች። ሳጥኑ ላይ፣ ቅድም ስትፈታው ልብ ሳትል ገልጣ የመለሰችው፣ ዳር ዳሩ የተጠለፈ ጨርቅ ተደርቧል። ጨርቁን ስትገለብጠው ውስጡ ብርማ ወረቀት የተሰፋበት ሆኖ ተገኘ።

«አባየ፣ ይህን ያለበሰ ማን ነው?»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ። የቆላ ፀሐይ እንዳያቃጥልብሽ ብየ ነው። ስንት ለፍተሽበት…»

ሩፊዳ የጨርቁን ጥልፍ በጣቷ ዳሰሰች። «አላህ ይስጥልኝ አባየ። ግን ወረቀቱ ብረት ነው። የሳተላይት ድምፅ ከሰማይ እዚህ እስኪደርስ እንደ ሹክሹክታ ይደክማል፤ ብረት ደግሞ ጆሮውን ይደፍንበታል።»

ጨርቁ ተነሣ። ቀስቱም መጣ፤ ይሁን እንጂ እንደ ሜዳው ሁሉ ዘግይቶ ነው። ሩፊዳ አሁንም አልረካችም። ኮፈኑን ከፍታ የባትሪውን ገመድ አሳየችኝ፤ ብሎኑ በየቀኑ ከመፈታቱ ብዛት ተልጧል።

«ማታ ማታ እነቅለዋለሁ» አሉ ሐጂ ኮራ ብለው። «የጎረቤቴ መኪና በሽቦ እሳት ተቃጥላለች። የአባት ልማድ ነው፤ ማታ መኪና ተነቅላ ታድራለች።»

«ፍርሃትዎ ልክ ነው» አለች ሩፊዳ። «ግን ሳጥኑ ትናንት የት እንደነበረ፣ ሳተላይቶቹም በየት በኩል እንደሚያልፉ የሚያስታውስ ኤሌክትሪክ ሲኖረው ነው። የራሱ ትንሽ ባትሪ ነበረችው፤ ሙቀቱ ገደላት። ገመዱን በነቀሉ ቁጥር ሁሉን ይረሳል፤ ጠዋት ጠዋት አገሩን እንደማያውቅ እንግዳ ከዜሮ ይጀምራል።»

«ታዲያ ምን ልሁን? መኪናየን ላቃጥል?»

«የለም። ትልቁን ገመድ እንደ ልማድዎ ይንቀሉ። ለሳጥኑ ብቻ ቀጭን ሽቦ ከባትሪው ለብቻ አወጣለታለሁ፣ ፊውዝም አደርግበታለሁ። ሽቦው ቢነካካ ፊውዙ ተቃጥሎ መኪናው ይተርፋል። የሚበላውም ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ አይባል።»

ሐጂ ፊውዙን ተቀብለው በፀሐይ አገላብጠው አዩት። እኔ በልቤ አጨበጨብሁላት። ብዙ የተማረ ሰው የሽማግሌን ልማድ ሲያገኝ መሳቅ ይቀናዋል፤ በልማዱ ውስጥ ያለችውን እውነተኛ ፍርሃት ፈልጎ መልስ የሚሰጣት ጥቂት ነው። ለውጥም የሚከሽፍብን በአብዛኛው በዚህ ነው።

ሽቦው ተዘረጋ። ሩፊዳ ሳጥኑን አጠፋችና መልሳ አበራችው፤ ቀስቱ ወዲያው ብቅ አለ። ለማመሳከር ሽቦውን ነቅላ ስትሞክረው እንደገና ተንቀረፈፈ። ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «መልሽው፣ መልሽው» አሉ።

ሹፌሩ ሽኩር ደስ ብሎት ሞተር አስነሥቶ ሊፈተለክ ሲል ሩፊዳ በሩን ያዘችበት። «ቀስቱ እስኪረጋ ቆመህ ጠብቅ።»

«ቆመን?» አሉ ሐጂ። «ሰዎቹ እየተጠሙ!»

«አባየ፣ እኔ ሰላምታ ጀምሬ በመሃል ብሮጥ ምን ይሉኛል?»

«ስድ አደግ እላለሁ።»

«ሳተላይትም መልእክቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማው ይፈልጋል። በዛፍ ሥር ስንሮጥ፣ ስንነጥር፣ ወሬው ይቆረጣል፤ ሳጥኑም እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ገላጣ ቦታ ትንሽ የቆመ፣ ሜዳ ላይ ብዙ አይንከራተትም።»

ሐጂ ቢስሚላህ ብለው ጋቢና ገቡ። «በዐይኔ ካላየሁ አላምንም» አሉ። እኔም ሊፍት አገኘሁ፤ ሩፊዳ ግን ቦታዋን ለእኔ ለቃ ከኋላ ከበርሜሎቹ ጋር ተቀመጠች፤ ብለምናት እምቢ አለችኝ።

ቀስቱን ተከትለን ማሽላውን ሰንጥቀን ሄድን። ሽኩር በቀድሞ ልማዱ ወደ ግራ ሊታጠፍ ሲል ቀስቱ ወደ ቀኝ ጠቆመ። ሐጂ «የሷን ቀስት ስማ» አሉት። ብዙም ሳንሄድ የሰሊጡ ነዶ ታየን፤ ሠራተኞቹም ማጭዳቸውን እየጣሉ ወደ እኛ ሮጡ።

ሐጂ የመጀመሪያውን ጣሳ ራሳቸው ቀድተው ለአንዱአምላክ ሰጡት። ልጁ ጠጥቶ ሲያበቃ ምስጋናውን በአጭር አድርጎ፣ «ሐጂ፣ የእኛስ መጣልን፤ ከማዶ እርሻ ያሉት የወይዘሮ መስቱራ ሰዎች ግን ከማለዳ ጀምሮ ውሃ አላዩም። ሁለቱ መጥተው ሲለምኑን የምንሰጣቸው አልነበረንም» አለ። ሐጂ ያንኑ ጊዜ ሌሎቹን በርሜሎች አስወርደው አንዱን እንደ ተጫነ ወደ ማዶ አስነዱ። እዚያ ስንደርስ ሰዎቹ በዳሱ ጥላ ሥር ባዶ ጀሪካን ከበው ተቀምጠዋል። ሩፊዳ ውሃው ሲቀዳ፣ ቀስቱ ወደዚያም እንዲመራ የቦታውን ምልክት በሳጥኑ ላይ አኖረች። አንዱ በርሜል ለዚያ ሁሉ ሰው ጉሮሮ ማርጠቢያ እንጂ ጥም መቁረጫ አልሆነም።

ስንመለስ ከማሽላው መሃል አንድ የውሃ ቦቴ ብቅ አለ። የወይዘሮ መስቱራ ነው። ሹፌሩ ባንተአምላክ ላብ አጥምቆታል፤ ኩራቱ ግን አልተነካም። «መንገድ ጠፍቶኝ አይደለም» አለ ሳንጠይቀው። «አቋራጭ እየፈለግሁ ነው።»

ሐጂ ከጋቢና ወረዱ። «ስማ ልጀ፤ እኔም እስከ ዛሬ አቋራጭ ስፈልግ ነበር። ሰው በጥም ሊሞትብኝ ምንም አልቀረ። አሁን ግን ነዳጁም አይባክን፣ ሠራተኛውም ጥሎኝ አይሄድ፣ ሰሊጡም ሳይራገፍ ይታጨዳል። ከሁሉም በላይ ውሃው በሰዓቱ ይደርሳል። ለዚህ ያስፈለገው ሰማይ ያየ ሳጥንና ትንሽ ትዕግሥት ነው።» ማለዳ ሳጥኑ ይውጣ ሲሉ የነበሩት ሰውየ ሲያስተምሩ ብሰማ ሥራየን የቀሙኝ መሰለኝ።

«ሐጂ፣ ሱቁ ተዘግቶ ዋለ እኮ፤ ደንበኛ ይጠብቀናል» አለ ሽኩር።

«ይጠብቅ። የተጠማ ነው የማይጠብቅ። አዙር፣ ቦቴውን መርተን ወደ ሰዎቹ እናድርሰው።»

መኪናው ሲዞር አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ከኋላ ላለችው ልጃቸው ጮኹ፤ «ሩፊዳ! ለመስቱራም አንድ ሥሪላት!»

«አባየ፣ መስቱራ እኮ በሰሊጥ ገበያ ባላንጣዎ ናት!»

«በገበያ እንጣላለን» አሉ ሐጂ። «በውሃ አንጣላም። ሥሪላት።»

ሽኩር ነዳጅ ረገጠ፤ ቦቴውም ከኋላችን ተከተለ።