ነጩና ቀዩ ወፍ

ለመመረቂያ ጽሑፌ ዘንገና ሐይቅ ዳር ወፍ ስቆጥር፣ ባለረጅም ጭራውን ነጭ አንድ ዝርያ፣ ባለአጭር ጭራዋን ቀይ ሌላ ዝርያ ብዬ መዘገብኩ። ጽሑፉን ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ እዚያው የሚያርሱት አያ አለሙ መዝገቤን አስነበቡኝና «በል ተከተለኝ» አሉ። ማሳቸው ዳር ካለ ዛፍ ሥር ቁጭ አልን። ቀይዋ ቅርንጫፉ ላይ ካለው ጎጆ ስትነሳ ነጩ መጥቶ እንቁላሎቹን ታቀፈ።

«ላባ ልብስ ነው፣ ልጄ። እኛ የምንለያቸው በጎጇቸው ነው።»

ክፍል ውስጥ «ዝርያ ማለት እርስ በርሱ የሚራባ ነው» ብዬ የመለስኩት እኔው ነበርኩ፤ ሜዳ ስወርድ ግን ቀለም አታለለኝ። ጽሑፉን አርሜ ሳስረክብ፣ በምስጋናው ገጽ ከአማካሪዬም አስቀድሜ ያመሰገንኩት አያ አለሙን ነው። ምስጋናውን ሳነብላቸው፣ «እንኳን ደረስኩ፤ ትዳር ልታፈርስ ነበር» አሉኝ።