ሥጋ ያልተስማማው የልኳንዳ ቤት ውሻ

ስለ ሰው ጤና የሚቆጣ አስተዋይ ይባላል፤ ስለ ውሻ ጤና የሚቆጣ ግን ሥራ ፈት ነው የሚባለው። እንግዲያው እኔ ሥራ ፈት ነኝ፤ መነጽር መሥራትና የተሰበረ ፍሬም መጠገን ከሥራ ካልተቆጠረ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፈውም ተቆጥቼ ነው። ቁጣዬ እስኪበርድ ብጠብቅ ኖሮ ብዕሬን አላነሳም ነበር።

የሥራ ክፍሌ ከአንድ ልኳንዳ ቤት ጋር ግድግዳና ጓሮ ይጋራል። የልኳንዳው ባለቤት ስድሳውን ያለፉ፣ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ካራ» የሚላቸው ሰው ናቸው። ሻምበል የሚባል ውሻ አላቸው። ገና ቡችላ ሳለ በነጭ ጋዋናቸው ኪስ ይዘውት የመጡት፣ ከዚያም ወዲህ ጉበትና ለስላሳ ሥጋ እያበሉ ያሳደጉት ነው።

አንድ ጠዋት ሌንስ እየሞረድኩ ሳለ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጓሯችን ጋራዥ አይደለምና ምን መጣ ብዬ ወጣሁ። ጋሽ ካራ እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ በአንድ እጃቸው ቆርቆሮ በሌላው የቀለም ብሩሽ ይዘው ቆመዋል። ሻምበል ከምሰሶ ጋር ታስሯል፤ ሁለት ሦስት የሰፈር ሰዎች ዙሪያውን ቆመው «አብዝተው ይቅቡት» ይሏቸዋል። ጥቁር ዘይት ከጀርባው ወደ ሆዱ ይወርዳል፤ ሆዱ ደግሞ ጠጉሩ ረግፎ፣ ቆዳው ተልጦ ቀይ ሥጋው ወጥቷል። ውሻው ሲያቃጥለው ዘይቱን ይልሳል፤ በላሰ ቁጥር ያስለዋል።

አፌን ከፍቼ ልናገር ስል የጓሮው በር ተንኳኳና አንዲት ወጣት ገባች። የጋሽ ካራ የእህት ልጅ ናት፤ የእንስሳት ሕክምና ተምራ በቅርቡ ሥራ የጀመረች። ለእናቷ ሥጋ ልትገዛ መጥታ ሱቁ ውስጥ ሰው ብታጣ ነው በጓሮ የዞረችው።

«እንዴት አደሩ አጎቴ?» አለችና ውሻውን ስታይ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ቆመች። «ምን እያደረጉት ነው?»

«እያከምኩት ነዋ!» አሉ ጋሽ ካራ ኮራ ብለው። «እከክ ይዞታል። ለእከክ ደግሞ ከተቃጠለ ዘይት የሚበልጥ የለም። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«የአያቴ ውሾች ታዲያ ዳኑ?»

«አንዳንዱ ዳነ።»

«ያልዳኑትስ?»

«ያልዳኑትማ ሞቱ። ውሻ አይሞትም እንዴ?»

«ይኼ ካልያዘለትስ?» አልኩ እኔ ጣልቃ ገብቼ።

ጋሽ ካራ ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ነከሩት። «ካልያዘለት ቅዳሜ መርዝ በሥጋ ጠቅልዬ እሰጠዋለሁ። እሱም ይረፍ እኔም ልረፍ። ደንበኛ በር ላይ ደም እስኪወጣው የሚያክክ ውሻ እያየ ሥጋ አይገዛም።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልጮኸም። የሚወዱትን ሊገድሉ እንደሆነ ያውቁታል። ይህ ይበልጥ አናደደኝ፤ የማይወድ ሰው ቢገድል እንኳ ከክፋቱ ነው እላለሁ፣ የሚወድ ሰው ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ትቶ ሲገድል ምን ልበለው?

ወጣቷ ቦርሳዋን መሬት ጣለች። «ለብ ያለ ውኃና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ስጡኝ» አለችኝ። እየተንበረከከች ዘይቱን ስታጥብ ድምፅዋን ሳታነሳ ተናገረች። «አጎቴ፣ ከአክብሮት ጋር ልንገርዎት። ይህ ዘይት መድኃኒት አይደለም። የተላጠ ቆዳ ያቃጥላል። ውሻ ደግሞ የማይልሰው ነገር የለም፤ ሲውጠው ጉበቱንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ባዶ ሆድዎን ናፍጣ ጠጡ ቢባሉ ይጠጣሉ?»

«እኔ ውሻ ነኝ?»

«እሱስ ሞተር ነው?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ጋሽ ካራ አፈጠጡብኝ፤ ቢሆንም ውሻውን ወደ ክሊኒኳ እንድትወስደው ፈቀዱላት።

ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እኔም አብሬያት ልኳንዳ ቤቱ ገባሁ።

«ቆዳውን ፍቄ በማይክሮስኮፕ አየሁት» አለች። «የእከክ ተባይ የለበትም። ቁንጫም አላገኘሁም፤ ለጥንቃቄ ግን መድኃኒቱን ሰጥቼዋለሁ። ጆሮው አመርቅዟል፣ ጠብታው ይኸው። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ቅርንጫፉ ነው፤ ሥሩ ምግቡ ይመስለኛል። ክረምት ከበጋ ያሳክከዋል። ጆሮው ድኖ ብዙም ሳይቆይ ያገረሽበታል። መዳፎቹን እየላሰ አቅልቷቸዋል። የምጠረጥረው የከብት ሥጋን ነው።»

ጋሽ ካራ ይስሉት የነበረውን ቢላ አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

«የከብት ሥጋ ነው ያልኩት።»

«ቀስ በይ! ሰው ይሰማሻል።» ወደ በሩ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የልኳንዳ ቤት ውሻ ሥጋ አልስማማ አለው ብዬ ላውራ? ‹የገዛ ውሻውን ያሳከከ ሥጋ ለእኛ ይሸጣል› እንዲሉኝ? በስንት ድካም ያቆምኩት ስም ነው እኮ!»

ለካስ ነገሩ ይህ ኖሯል! ውሻው ቅዳሜ የሚሞተው እከክ ስለያዘው ብቻ አይደለም፤ ለስም ሲባል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ በር ላይ ስለተጋደመው ቁስለኛ ውሻ ሲያማቸው የከረመውን እሳቸው ብቻ አልሰሙም።

«አጎቴ፣ እናቴ ኦቾሎኒ ስትቀምስ ፊቷ ያብጥ የለ?» አለች ወጣቷ።

«ያብጣል። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።»

«ታዲያ ኦቾሎኒው የተበላሸ ነው ይላሉ?»

«ኦቾሎኒው ምን አደረገ? እኔ ከእሷ ሳህን አንስቼ ነው የምበላው።»

«የእርስዎም ሥጋ እንደዚያው ነው። ንጹሕ ነው፤ እኛ በልተነው እንጠግባለን። የእሱ ሰውነት ግን ጠላት መጣብኝ ብሎ ይዋጋዋል። አለርጂ ማለት ይኸው ነው።»

«አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች! አራት ዓመት የበላው ሥጋ ዛሬ ነው ጠላት የሆነው?»

«አዎ፣ አመሉ እንዲያ ነው። ሰውነት የሚቆጣው ደጋግሞ ባገኘው ነገር ነው። ስለዚህ አሁን በልቶት የማያውቀውን እንስጠው። ዓሣ በልቶ ያውቃል?»

ጋሽ ካራ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ ማዶ ወረወሩ። ከልኳንዳው ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ዓሣ ቤት አለ። ባለቤቷ እንደ ጋሽ ካራ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት። እሳቸው «ዓሣ ውኃ ነው፣ ጉልበት የለውም» ብለው ደንበኛ ሲመክሩ፣ እሷ «ሥጋ የሚያበዛ ሰው ቶሎ ያረጃል፣ ማዶ ተመልከቱ» ትላለች። ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነው አንዳቸው የሌላቸውን ደጃፍ አልረገጡም።

«ከእሷ? ዓሣ ከእሷ ልገዛ?» ጋሽ ካራ ጠረጴዛውን ደበደቡት። «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የእሷን በር ሊጠብቅላት ነው?»

ከዚህ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔም በበኩሌ ጠረጴዛውን መታሁት፤ እጄን አሞኛል፣ ግን አልጸጸትም። «ጋሽ ካራ! ቅዳሜ ሊገድሉት ቆርጠው የለም? ለመርዙ ያልከበደዎት እጅ ለአንድ ዓሣ ከበደዎት? ውሻ ነውና ደሙ ደመ ከልብ ይሁን ነው የሚሉት? ለእኔ ይስጡኝ!»

«ውሰደው!» አሉኝ እሳቸውም ጮኸው። «ዓሣ የሚባል ነገር ግን በእኔ በር አይገባም!»

እንዲህ ሆኖ ሻምበል ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ገባ። ወጣቷ ሐኪም ሥርዓቱን አስረዳችኝ። ሁለት ወር ያህል የተቀቀለ ዓሣና ድንች ብቻ ነው የሚበላው። አጥንቱ ተለቅሞ ይወጣል፤ ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ዘይት የለ። ትራፊና አጥንት እንዳይቀምስ፣ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ብትገባ ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በሰጠችኝ ሻምፖ አጥበዋለሁ፣ ጠብታውን በጆሮው አደርጋለሁ።

መነጽሮቼ ሁሉ ዓሣ ዓሣ ሸተቱ። አንዲት ደንበኛዬ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ «ባሕር ዳርቻ የቆምኩ መሰለኝ» አለችኝ። ይህስ ያስቃል። ያላሳቀኝ የሩኅሩኆች ነገር ነው። ከልኳንዳው ሥጋ ገዝቶ የሚያልፍ ሁሉ «ምስኪን፣ ከስቷል» እያለ ቁራጭ ሊወረውርለት ይፈልጋል። ተዉ ስላቸው «ጨካኝ» ይሉኛል። ዘይት ሲፈስበት «አብዝተው ይቅቡት» እያሉ የመከሩት እነዚሁ ናቸው። በርካታ ሰው አስቀየምኩ፤ አንዱን እንዲያውም ከነሥጋው ከደጃፌ አባረርኩት።

ቀስ በቀስ ግን ሻምበል ማከኩን ተወ። ጆሮው ደረቀ። ሆዱ ላይ ስስ ጠጉር አቆጠቆጠ። ማታ ማታ እግሩን ሲልስ የነበረ ውሻ እንቅልፉን ጠግቦ ያንኮራፋ ጀመር። ሁለተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ጋሽ ካራ ብቅ ብለው አዩትና ፊታቸው በራ።

«አላልኳችሁም?» አሉ። «ዘይቱ ነው! ውስጥ ውስጡን ሲሠራ ቆይቶ ነው።»

ልብ በሉ! ታጥቦ የወጣ ዘይት በሁለት ወሩ አዳነው! ጥርሴን ነክሼ ወደ ሌንሴ ተመለስኩ። እሳቸው ግን ሻምበልን ይዘውት ሄዱና ሱቁ በደንበኛ በተሞላበት ሰዓት «ይኸው የእኔ ሥጋ ማንንም አይጎዳም!» ብለው ከምርጡ ብልት ቆርጠው ወረወሩለት። በማግሥቱም ደገሙለት። ደንበኛው አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት እንኳ አልሞላም፣ ጋሽ ካራ ውሻውን ታቅፈው ወደ ክፍሌ ገቡ። የእህታቸው ልጅ ሻምበልን ልታይ መጥታ እኔ ዘንድ ነበረች። የሻምበል ጆሮ ቀልቷል፤ ብብቱ በጥፍሩ ተቦጭቋል። የጋሽ ካራ ነጭ ጋዋን ላይ ያለው ደም የበሬ አልነበረም።

«ዘይት አልቀባሁትም» አሉ ገና ሳንጠይቃቸው።

ወጣቷ ውሻውን ተቀብላ አየችውና ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ጠነከረ። «አጎቴ፣ ሥጋ ሰጡት?»

«ሰጠሁት።»

«ደጋግመው?»

«ደጋግሜ።»

«እንግዲያው የመጨረሻውን ፈተና እርስዎ ራስዎ ፈጸሙት። ሲድን የቀድሞ ምግቡን መልሰን ሰጥተን የምናይበት ፈተና አለ፤ በጥቂቱ፣ እኔ ባለሁበት ሊሆን ነበር የታሰበው። እርስዎ ግን ለጭብጨባ አደረጉት። አከብርዎታለሁ፣ የእናቴ ወንድም ነዎት፤ ዛሬ ግን ተቆጥቻለሁ፣ አልደብቅዎትም። ይህ ፍጡር የሰጡትን ሁሉ የሚበላው ስለሚያምንዎት ነው። ዘይት ሲቀቡት ቆመልዎት። መርዝም ቢሰጡት ጅራቱን እየቆላ ይበላው ነበር።»

ጋሽ ካራ ወንበሬ ላይ ቁጭ አሉ። የሻምበልን ራስ ደባበሱ። በኋላ ሰምቼው በማላውቀው ቀጭን ድምፅ «እውነት ጥፋቱ የሥጋዬ አይደለም?» አሉ።

«አይደለም። የማንም ጥፋት አልነበረም፤ እንቢታዎ ነው ጥፋት ያደረገው። አሁን ጠላቱን አውቀነዋል። የከብት ሥጋ አይቀምስም፣ በቃ። ዓሣው ላይ የሚጎድለውን ካልሲየምና ቫይታሚን እኔ መጥኜ እሰጥዎታለሁ። ያን ጊዜ ጆሮው በየጊዜው አያመረቅዝም፣ ለመድኃኒት አይመላለሱም፣ በርዎ ላይ ደም አይታይም፣ እሱም ዕድሜውን ይኖራል። ሌላ ውሻ ሲያሳክከው ቢያዩ ደግሞ ጋራዥ ሳይሆን ሐኪም ቤት ይላኩት፤ የሌላው ምክንያት ተባይ ወይም ቁንጫ ሊሆን ይችላልና ሳይመረመር አይታወቅም።»

ጋሽ ካራ ብድግ አሉ። ወዴት እንደሆነ ሳይነግሩን በሩን ከፍተው ወጡ፤ እኛም ተከተልናቸው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፣ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ደም የነካውን ጋዋናቸውን እንደለበሱ መንገዱን ተሻገሩና ዓሣ ቤቱ በር ላይ ከተሰለፈው ገዢ ፊት ቆሙ።

የዓሣ ቤቷ ባለቤት ቢላዋን ይዛ ቀና አለች። «ምን ጉድ ነው? መንገድ ጠፋብዎት?»

«ዓሣ ስጪኝ» አሉ፣ መንገዱ ሁሉ በሚሰማው በዚያ ድምፃቸው። «ለውሻዬ ነው። ሥጋ አይስማማውም።»

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። «የልኳንዳ ቤት ውሻ ሥጋ አይስማማውም!» እያለ አንዱ ለሌላው አቀበለው። ጋሽ ካራ ዞሩና ፊት ለፊት ተመለከቷቸው። አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ተገትሯል።

«ሳቁ» አሉ። «ዘይት ሳፈስበት እዚያው ጓሮ ድረስ መጥታችሁ አይታችሁኛል፤ አብዝተው ይቅቡት ያላችሁኝም እዚህ አላችሁ። መርዝ ልሰጠው ስል ‹ግልግል ነው› ብላችሁኛል። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ ከእናንተም ማንም ‹ይተዉ› ብሎ እጄን አልያዘም። በገዛ እጄ ልገድለው ስነሳ ጤነኛ ነበርኩ፣ ዓሣ ስገዛለት ነው ያበድኩት?»

ሰልፉ መንገድ ለቀቀላቸው። የዓሣ ቤቷ ባለቤት ከሁሉም በፊት ትልቁን ዓሣ አንስታ አጥንቱን ትለቅምላቸው ጀመር።