ከአንገት የወረደ ቢላዋ

ዓመቱ 1951 ነበር፤ በኬንታኪ ተራሮች ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ ድልድዩን ወስዶት ስለነበር፣ አዋላጇ በበቅሎ ተሻግራ ነው አቶ ዴልማር ፕራተርን ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉላ የተቀበለቻቸው።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ አባታቸው አቶ ኤሳ ሲደክሙ የትምባሆ እርሻውን ተረከቡ፤ ወይዘሮ ሬታን አግብተውም ኖላ የተባለች አንዲት ልጅ ወለዱ። ከእርሻው የተረፈው ጊዜያቸው በአፈሙዙ ለሚጎርሰው ለአባታቸው ጠመንጃ ነበር።

ባሩዱ ከገባ በኋላ ሞራ የተቀባ ጨርቅ አፈሙዙ ላይ ይነጠፋል፤ የእርሳስ ጥይቱ በአውራ ጣት ተጭኖ ትርፉ ጨርቅ በቢላዋ ይቆረጣል። ለዚህ ሥራ አጭር ስለት ይበቃል፤ የቢላዋው ጫፍ ምንም አይሠራም። አቶ ዴልማር ግን ከአሮጌ ሞረድ የተቀጠቀጠ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ረጅም ቢላዋ መረጡ፤ እጃቸው ቶሎ እንዲደርስበትም በአንገታቸው አንጠለጠሉት። ዛሬ በቀብራቸው ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ኮይ፣ «ጋሼ፣ ጨርቅ ልትቆርጥበት ነው ወይስ አሳማ ልታርድበት?» ቢላቸው፣ «ሂድ ላምህን እለብ! ዒላማ ላይ ስትደርስብኝ ያን ጊዜ ትመክረኛለህ» አሉት።

ሰገባው ከዓመት ዓመት እየላላ ሄደ። አንድ መኸር ያደኑትን አጋዘን ሊጎትቱ ሲያጎነብሱ ቢላዋው ወልቆ ከጫማቸው አጠገብ ተተከለ፤ ሳቁና መልሰው ሻጡት። በሌላ ጊዜ ሸሚዛቸውን ቀደደ፤ ወይዘሮ ሬታ ሰፉላቸው።

ባለፈው ኅዳር ውርጭ በጣለበት ጠዋት አጥር ሲሻገሩ ወደቁ፤ የወለቀው ቢላዋ ጫፍም ከጎድናቸው ሥር ገባ። ቁስሉ ከላይ ቢሽርም ከውስጥ አመርቅዞ ትኩሳቱ አልለቃቸው አለ። አልጋ ላይ ሳሉ ኖላ፣ «አባዬ፣ ለፀደዩ የተኩስ ውድድር ቢላዋህን እኔ አንገቴ ላይ ላድርገው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ሞረድ አስመጡ። በመካከሉ እያረፉ ጫፉ እስኪዶለዱም ሞረዱት፤ ሰገባውን አጥብበው ከባሩድ ከረጢቱ ማንገቻ ጋር ሰፉት፤ የአንሶላቸውን ጠርዝ ቆርጠው ስለቱን ከፈተኑ በኋላ ሰጧት። በማግስቱም በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሬታ፣ ልጃቸው ኖላና ወንድማቸው ኮይ ከኋላቸው ቀርተዋል። ፈጣሪ ድካማቸውን በዕረፍት ይለውጥላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከእናት ከአባታቸው ጋር ያኑርልን።

አሁን መቃብሩ ላይ ልትተኩሱላቸው ጠመንጃችሁን ይዛችሁ መጥታችኋል፤ በየአንገታችሁም እንደ እሳቸው ያለ ጫፉ የሾለ ቢላዋ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ የቀለደው ኮይም የራሱን እስከ ትናንት ከአንገቱ አላወረደም ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን አውርዶ ጫፉ እስኪዶለዱም ሞርዶታል፤ ሞረዱንም በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ ባርኔጣችሁን ከሰቀላችሁበት ሥር አኑሮታል። ይህን ወረቀት እንዳጠፈ ሄዶ፣ የቢላዋውን ጫፍ ሊሞርድ የሚወድ ሁሉ እንዲመጣ በሩ ላይ ይቆማል።