ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት

— ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል?... አንተ ነህ እንዴ። ምነው በዚህ ሰዓት፣ ሥራ የለህም?... ልጅህስ ደህና ናት?... ሳሏ ለቀቃት?... ተመስገን። ቆየኝ፣ አባትህ ቴሌቪዥኑን አስጩኾት አልሰማህም። — አንተ ሰውዬ፣ ቀንስልኝ እስቲ፣ ትልቁ ልጅህ ነው። — እህ፣ አሁን ተናገር።

— የት?... ወንድምህ ሱቅ? ሁለታችሁም? ምን ሆናችሁ ነው?... ምን ቀልድ አለው፣ ሁለታችሁ ሳትጨቃጨቁ አንድ ክፍል ውስጥ ከተገኛችሁ እኔ የሚታየኝ ሐዘን ነው።

— የቱ ኮምፒውተር?...

— ያ? ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካው? ቁልፎቹ እንደ ማስቲካ ለጠፍ ለጠፍ የሚሉት?... እሱማ ተጥሏል። ጥዬዋለሁ ብያችሁ የለ እንዴ... የት ተገኘ?... የኔ ሻንጣ ውስጥ። ማን ከፈተው?... — አንተ፣ ሻንጣዬን ሳትጠይቀኝ ከፍተህ ነው የሰጠሃቸው? — ትከሻውን ሰበቀ። አባትህ እንግዲህ ይሄው ነው።

— እና ምን ልታደርጉት?... ልትከፍቱት።... አይ፣ እየሰማሁህ ነው።... ለልጅህ ጨዋታውን ልታሳያት? እሷ እኮ ስልክ ውስጥ ሺ ጨዋታ አላት። ያንን ደረጃ ለደረጃ የሚዘል ባለ አራት ማዕዘን ሰውዬ አይታ "አባዬ፣ ፊቱ የት አለ" ነው የምትልህ።... አውቃለሁ፣ ነፍስህ ነበር። እሱማ ሦስት ነፍስ ነበረው። ባለ ሦስት ነፍሱ ሰውዬ ነው ባለ አንድ ነፍሷን እናታችሁን የጨረሳት። ጨዋታውን ከካሴት ስትጭኑ፣ ካሴቱ ጅብ እንደያዘው በግ እሪ ሲል፣ "እማዬ አትራመጂ፣ ይቋረጣል" እያላችሁ፣ በገዛ ቤቴ ትንፋሼን ይዤ ቆሜ የምጠብቀው እኔ።

— ስማኝማ ልጄ። እንዳትከፍቱት።... የስንት ዓመት አቧራ ነው፣ ሳንባ ላይ ይቀመጣል። ወንድምህ ደግሞ ደረቱ ደካማ ነው።... ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ቢሆንስ? ሐኪምም ይታመማል።... ሳይሰካም ቢሆን መብራት ይይዛል፣ ራሱ ነው የነገረኝ፣ ውስጡ የሚጠራቀም አለ ብሎ።

— ምን ልታረጋግጥ?... ሻይ እንደደፋበት? አሁንም ሻይ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ልጅ "ሻይ ደፊው" እያልክ፣ በሠርጉ ቀን እንኳ ለሚስቱ "ብርጭቆ እንዳታስይዢው" ብለህ... አዎ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፣ አይቼዋለሁ። እኔም አልሳቅኩም።

— ቆይ። ልቤ እየመታ ነው።... መድኃኒቴን ወስጃለሁ፣ ተቀምጫለሁም። ወንድምህ አጠገብህ ነው?... ወጣ?... ጥሩ፣ ለብቻህ ስማኝ። ያንን ኮምፒውተር የገደለው ወንድምህ አይደለም። እኔ ነኝ።

— ሄሎ?... ትሰማኛለህ?

— እኔ ነኝ አልኩህ። ልትፈተን ሦስት ሳምንት ሲቀርህ የሒሳብ ደብተርህን ብከፍት ምን አገኘሁ... የዚያን የጨዋታ ሰውዬ መንገድ ስለህበታል። መሰላል፣ ጉድጓድ፣ "እዚህ ጋ ዝለል"። እኔ ስፌት ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ዩኒፎርም እየሰፋሁ፣ የኔ ልጅ ዩኒፎርሙን ሊያወልቅ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እናንተ ትምህርት ቤት ሳላችሁ በስፌት መኪናዬ መፍቻ ብሎኖቹን ፈታሁ። ከቁልፎቹ የሚመጣ ጥብጣብ የመሰለ ስስ ነገር አለ አይደል? እሱን ቀስ ብዬ ነቀልኩ። እንዳይጎዳ ደግሞ ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ቆርጬ፣ ጠርዙን ዘምዝሜ፣ ከቁልፎቹ ስር አነጠፍኩለት።... ምን ያስቅሃል? ካልተዘመዘመ ይተረተራላ፣ ክሩ ማሽኑ ውስጥ ይገባል።

— ልመልሰው ነበር እኮ። ፈተናው ባለቀ ማግስት ጥብጣቡን ልሰካ ስል ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ ቅጠል እጄ ላይ ተሰበረ። ዘጋሁትና ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። እናንተ ደግሞ ፍርዱን ቀድማችሁ ጨርሳችኋል። ጥብጣቡን የነቀልኩ ዕለት ወንድምህ ከአንተ ቀድሞ ገብቶ ሻዩን ይዞ ፊቱ ተቀምጧል፣ ቁልፉ እምቢ ብሎታል፣ አንተ መጥተህ "ደፍተህበት ነው" አልክ። ከዚያ ክፍላችሁን በጠመኔ ለሁለት ከፈልከው። አንድ ተርም ሙሉ አላናገርከውም። እኔ ወለሉን በጠረግሁ ቁጥር መስመሩን ማጥፋት ይቻለኝ ነበር። ዳር ዳሩን እየጠረግሁ አለፍኩት።

— ምን?... ድምፅህ ምነው ራቀብኝ?... ላውድ ላይ ነው? ከመቼ ጀምሮ?... እሱም አለ? አልወጣም?... አንተ ባለጌ። ከፍታችሁታል፣ አይደል? ጨርቄን በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምታስለፈልፉኝ።... ዝምዝሙን አይታችሁ አወቃችሁ። አዎ፣ የኔ እጅ ነው፣ ሌላ ማን እንዲህ አድርጎ... ተወው እሱን።

— ትንሹን ስጠኝ።... ልጄ። የኔ ጌታ።... አዎ፣ እኔ ነኝ።... ለምን ሳልናገር? መጀመሪያ፣ ብነግራችሁ ታስጠግኑታላችሁ ብዬ ፈራሁ። በኋላ አንተ "ኮምፒውተሩ ባይጣል ኖሮ እጠግነው ነበር" እያልክ ሬዲዮ መፍታት ጀመርክ። የኔን ጨርሰህ የጎረቤት ሬዲዮ ላይ ስትደርስ፣ ይሄ ልጅ ሙያ ሊይዝ ነው፣ አፌን ልያዝ አልኩ።... አይ፣ ውሸቴን ነው። አፍሬ ነው። በቃ፣ ልጄ ፊት አፍሬ ነው። ይቅር በለኝ።

— ምን አልክ? ድገመው እስቲ።... ደፍተሃል? በእውነት ደፍተህ ነበር?... ሙሉ ብርጭቆ? እና ይህን ሁሉ ዓመት "እናቴን አልደፋሁም" እያልክ ስትምል... የማልከው እኮ በኔ ነው። ጉልበቴን የሚቆረጥመኝ ለካ ያለ ነገር አይደለም።

— ... አንተም የገደልኩት እኔ ነኝ ብለህ ነው የኖርከው? እስከ ዛሬ?... ልጄን። እኔን ልጄን። በአንድ ቤት ሁለት ወንጀለኛ፣ ለአንዲት ፕላስቲክ።

— ጨርቁ ምን ሆነ?... ቡኒ ሆነ? ከስሩስ?... ንጹሕ ነው? አንድም ጠብታ አላለፈም? ጥጥ ነዋ፣ ያኔ ጨርቅ ጨርቅ ነበር። — ሰማህ አንተ ሰውዬ፣ ሻዩን ጨርቄ ጠጥቶታል። — "ታዲያ ማን ገደለው" ይላል አባታችሁ። እኔ ነኛ፣ ስንቴ ልናዘዝ።

— ወንድምህ ምን ይላል?... "ሻይ ደፊው" ማለቱን አልተውም? ደፍተሃልና እሱን ምን ላድርግልህ። የጠመኔውን ግን ይቅርታ ይበልህ። እዚሁ፣ እየሰማሁ።... ጮክ ይበል።... እንዲህ ብቻ? ጉሮሮውን ነው የጠረገው ወይስ ይቅርታ ነው?... ይበቃሃል?... እሺ፣ አንተ ካልክ።

— ምን ጥብጣብ?... አዲስ አግኝተህ ገጠምከው? አሁን ልትሰካው?... አይሆንም። ቆዩኝ።... ፈርቼ አይደለም። ፈርቻለሁ፣ ግን የማስቆማችሁ ለሱ አይደለም። እጅህን ከሶኬቱ አንሳ፣ አነሳህ?... ቢነሳ በዓይኔ አይቼ ልረፍ፣ ቢፈነዳም እናንተ ፊት ከሚፈነዳ እኔ ፊት ይፈንዳ። — ተነስ አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን አድርግ፣ ልጆችህ ጋ ነው የምንሄደው። — ሄሎ፣ አላችሁ?... ሃያ ደቂቃ። ማንም እንዳይነካው። የመጀመሪያውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ።... የቱ እንደሆነ እዚያ ታሳዩኛላችሁ። በሉ፣ ዘጋሁት።