የጋሽ ካውያ ቀልብ

ጋሽ ካውያ ባዶ መስቀያ ተሸክመው መንገድ ላይ የታዩት በጠራራ ፀሐይ ነው። የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ የሚያድሩ ሰው ናቸው፤ ስማቸውም ከሥራቸው የተነሳ ተረስቶ ካውያ ሆኖ ቀርቷል። ልብሱ እንዳይጨማደድ መስቀያውን እንደ ልማዳቸው ከፍ አድርገው፣ የልብስ መሸፈኛ ላስቲኩን ጫፍ በሌላው እጃቸው ደግፈው፣ ከንፈራቸውን በጸሎት እያንቀሳቀሱ ይራመዳሉ። ላስቲኩ ውስጥ ግን ኮትም ሱሪም የለም። ያያቸው ሁሉ ፈገግ ይላል እንጂ ደፍሮ የሚናገራቸው አልተገኘም። በጸሎት ላይ ያለን አዛውንት ማን ያቋርጣል?

ያቋረጠቻቸው የእህታቸው ልጅ ናት። መምህርት ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማዕዘኑ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ወዴት ነው በዚህ ፀሐይ?»

«ይመስገን ልጄ። ለፋርማሲስቱ ሙሉ ልብሱን ላደርስለት ነው። ማታ ግብዣ አለበት።»

«የትኛውን ሙሉ ልብስ?»

«ይሄንን ነዋ!» ብለው ቀና አሉ። መስቀያውን አዩት፤ ላስቲኩን ዳበሱት። ከዚያ የእህታቸውን ልጅ አይተው መሳቅ ጀመሩ፤ እሷም ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ሁለቱም ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን የጋሽ ካውያ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንባው ደግሞ የሳቅ ብቻ አይመስልም።

ወደ ሱቁ አብረው ተመለሱ። ሙሉ ልብሱ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ጌታውን ይጠብቃል።

«እያረጀሁ ነው መሰለኝ» አሉ።

«አላረጁም ጋሼ፤ ቀልብዎ ነው እዚህ የሌለው።»

ጋሽ ካውያ ያልጃጁ መሆናቸውን ለአንባቢ እኛም እንመሰክራለን። የየደንበኛውን የአንገት ልክ ከነልማዱ በቃላቸው ያውቃሉ። ችግሩ ሌላ ነው። ሚጣ፣ አንድያ ልጃቸው፣ ነርስ ሆና በሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተመድባለች፤ እሑድ ትሄዳለች። ምደባው ከተሰማ ወዲህ አባት ቤቱን ያለ እሷ እያዩት ይውላሉ፤ ወንበሯን ባዶ፣ በሯን ዝግ አድርገው። ልጅቱ ግን ገና ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ባይቆጡኝ አንድ ነገር ልበልዎ?»

«ተናገሪ፤ መምህር ዝም ሲል አያምርበትም።»

«ሰው ያለበት ቦታ መሆንን ሊለማመድ ይችላል። እጅዎ ካውያው ላይ ሲሆን ልብዎም እዚያው እንዲሆን፤ ሰው ሲያናግርዎ ከሰውየው ጋር እንዲሆኑ። እኔ ከጀመርኩት ወዲህ ብዙ ተጠቅሜበታለሁ፤ ለነፍስም ይበጃል።»

ጋሽ ካውያ ቅር አላቸው። «ለነፍስማ እኔን አታስተምሪኝ! ከንጋት እስከ ምሽት ከንፈሬ ከጸሎት አያርፍም። እጄ ለጉሮሮዬ ይሠራል፣ አፌ ለነፍሴ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ እፈጽማለሁ፤ ይሄ ምን ይወጣለታል?»

«አፍዎና እጅዎ እየሠሩ ነው፤ እውነት ነው። እርስዎ ራስዎ ግን የት ነበሩ፣ መስቀያውን ባዶውን ሲያነሱ?»

ጋሽ ካውያ ብርጭቆ ውኃ አንስተው ጠጡ።

«አውቶቡስ ተራ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሚጣ ስትሳፈር በሐሳቤ እያየኋት ነበር።»

«እንግዲያስ ልንገርዎ። ትናንት እዚህ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ሚጣ መጥታ ‹አባባ› አለችዎ። ጣትዎን አንስተው ‹ቆይ› አሏት። ደግማ ጠራችዎ፤ ‹ልጄን አደራ፣ ፈጣሪዬ ልጄን አደራ› እያሉ ጸሎትዎን ቀጠሉ። ትንሽ ቆማ ወጣች።»

«ለእሷ እኮ ነው የምጸልየው!»

«አውቃለሁ ጋሼ። አደራ የሚሏት ልጅ ግን አጠገብዎ ቆማ ነበር።»

ጋሽ ካውያ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። «ምን ልትለኝ ነበር?»

«አልጠየቅኋትም። የተጠሩት እርስዎ ነበሩ።»

እዚህ ላይ አዛውንቱ እጃቸውን የሰጡ ቢመስልም ክርክሩ አላለቀም፤ ዕድሜ ልክ የያዙትን በአንድ ከሰዓት የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«እሺ፣ ሁሉም አሁንን ብቻ ካየ ነገን ማን ያስብለታል? ነገን የማያስብ ሰው ከነቤተሰቡ ጦሙን ያድራል።»

«ነገንም ያስቡ። ሲያስቡ ግን ቁጭ ብለው፣ ሚጣን ጠርተው፣ ምን ትያዝ፣ የት ትረፍ ብለው ይምከሩ፤ ያ ሥራ ነው። እርስዎ የያዙት ግን መብሰልሰል ነው። መብሰልሰል ለነገ ሻንጣ አያዘጋጅም፤ ዛሬን ብቻ ይበላል።»

«ጸሎቴንስ ልተወው ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ሲጸልዩ ይጸልዩ፤ ሲተኩሱ ይተኩሱ፤ ሲጠሩ ‹አቤት› ይበሉ። ሁሉም የፈጣሪ ነው። ፈጣሪ በእጅዎ የሰጠዎት ይቺን ሰዓት ነው ጋሼ። እርስዎ ከሌሉባት ከእሱ ጋር የት ይገናኛሉ?»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የመምህርነት ኩራት አልነበረም። አጎቷን ትወዳለች፤ ትንሽ ሳለች ለትምህርት ቤት የደንብ ልብሷን የሚተኩሱላት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ነጭ ሸሚዝ አንስታ ዘረጋችላቸው። «ይሄን ይተኩሱልኝ። ጸሎትም ወሬም የለም፤ ሸሚዙ ብቻ።»

«ሸሚዝ መተኮስ ልታስተምሪኝ! ጉድ እኮ ነው!» እያሉም ካውያውን አነሱ።

ኮሌታውን ጨረሱ። አንዱን እጅጌ ጨረሱ። ሁለተኛው ላይ ዓይናቸው ፈዘዘ።

«ሄደብኝ» አሉ እንደ ጥፋተኛ።

«የት ደረሰ?»

«እዚያው አውቶቡስ ተራ።»

«ቀስ ብለው ይመልሱት፤ አይቆጡት። መሄዱ አይቀርም። የእርስዎ ድርሻ መመለስ ነው።»

መለሱት። እንደገና ሄደ፤ እንደገና መለሱት። ከዚያ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲነካቸው ታወቃቸው። የሞቀ ጥጥ ሽታው ሁልጊዜም ነበረ፤ ዛሬ ግን አፍንጫቸው ደረሰ። ደረቱ ላይ አንዱ ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥሎ አዩና «ይሄ ሰውዬ ቁልፉ ሊወድቅበት ነው» ብለው መርፌ ፈለጉ። ሲሰፉለት ደስ አላቸው። ምንም ቃል ሳይናገሩ ምስጋና ደረታቸውን ሞላው፤ ይሄ ደግሞ በጸሎት መካከል እንኳ ከናፈቃቸው ብዙ ጊዜ ሆኗል።

ሚጣ የመጣችው ይሄኔ ነው፤ የምሳ ዕቃውን ልትወስድ። «አባባ» አለች በሩ ላይ፣ መልስ እንደማትጠብቅ ሰው።

ጋሽ ካውያ ካውያውን ማሳረፊያው ላይ አስቀምጠው ሶኬቱን ነቀሉ። «አቤት፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቱ ደነገጠች። «ምነው አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ትናንት ልትነግሪኝ የነበረውን ንገሪኝ።»

መምህርቷ ሙሉ ልብሱን በላስቲኩ አልብሳ ተነሳች። «ለፋርማሲስቱ እኔ አደርስለታለሁ» አለች።

«ውስጡ መኖሩን አይተሻል?» አሉ ጋሽ ካውያ፤ እየሳቀች ወጣች።

ሚጣ የምሳ ዕቃውን ክዳን ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች። «አባባ፣ መሄዱን ፈርቼዋለሁ። ሌሊት ከበሽተኛ ጋር ብቻዬን ስሆን ብሳሳትስ እላለሁ። አንተ ስለ መሄዴ ሳትከፋ ስትጸልይልኝ ብቻ ስሰማ ደግሞ፣ ‹ልጄ ደፋር ናት› ብለህ የምትመካ እየመሰለኝ ፍርሃቴን ልነግርህ አፈርኩ።»

ጋሽ ካውያ ልባቸው ተነካ። እሳቸው ደስ ብሏት የምትሄድ መስሏቸው ሐዘናቸውን ሲደብቁ፣ እሷ የሚኮሩ መስሏት ፍርሃቷን ስትደብቅ ኖራለች፤ ባንድ ጣራ ሥር። ‹ፈጣሪ ያውቃል፣ አይዞሽ› የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ፤ ዋጡት። መምከሩንም ተዉት። «እኔም ፈርቻለሁ» አሉ ብቻ፤ ከዚያ እስክትጨርስ ሰሟት። ስታወራ የታችኛውን ከንፈሯን እንደ እናቷ ነክሳ እንደምትይዝ ያን ቀን አስተዋሉ።

ከዚያ ወዲህ እስከ እሑድ የነበረው ጊዜ አልረዘመም፤ ግን አልባከነም። አብረው ሻንጣ አሰናዱ፣ ተከራከሩ፣ ሳቁ። አውቶቡሱ ሲነሳ ጋሽ ካውያ አምርረው አለቀሱ፤ ማልቀሻው ያኔ ነበርና ማንም አልነቀፋቸውም። ዛሬ ሱቁን ሳይከፍቱ ቁጭ ብለው ይጸልያሉ፤ ሲከፍቱ ካውያውን ብቻ ይይዛሉ። ደንበኞች ስፉልን ሳይሉ የላላ ቁልፍ ተሰፍቶ ሲመለስላቸው ይገረማሉ፤ ሊያማክር የሚመጣም ጎረቤት በዝቷል፣ የሚሰማው ሰው አግኝቷልና። ቀልባቸው አሁንም ይሄዳል፤ ይመልሱታል። ልምምዱ ይኸው ነው፤ ወጪ የለው፣ ዕድሜ አይመርጥ፣ ከእምነት ጋርም አይጣላ።

አንድ ቀን መምህርቷ ጎራ ብላ፣ «ጋሼ፣ ጸሎቱ እንዴት ነው?» አለቻቸው።

«አጥሯል» አሉ። ካውያውን አሳርፈው ዞሩላት። «ድሮ የሚጣን ስም ብቻ ነበር የምጠራው። አሁን ስጠራት ፊቷ ይመጣልኛል።»