«የለችም» ያልኳቸው እኔ ነኝ

ወደ ወረታ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ ቄስ አጠገባቸው ካለችው ሴት ጋር ያወራሉ።

«ሯጭ ልጄ ሁለት ዓመት እንዳትሮጥ ታገደች።»

«ምን ወስዳ፣ አባ?»

«ምንም። አበረታች መድኃኒት የሚመረምሩት ሰዎች በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ መጥተው አጧት፤ ሦስቴ መታጣት ያስቀጣል።»

«የት ሄዳ?»

«አንዴ የፎገራ ውሃ ሞልቶ መንገድ ዘጋባት። አንዴ ኔትወርክ ጠፍቶ እንደ ደንቡ የምታድርበትን ሳታስታውቃቸው ቀረች።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛውማ እቤት ነበረች፣ ጓዳ ተኝታ።»

«ታዲያ?»

«ገና በማለዳ የማላውቃቸው ሰዎች ስሟን ጠርተው ጠየቁኝ። ዘመኑን ታውቂው የለ፣ አፍነው ሊወስዱብኝ የመጡ መሰለኝና የለችም አልኳቸው።»

«በማርያም! ይህን አልነገሯቸውም?»

«በእጄ ጽፌ ላክሁ። መርማሪ ይመጣል ብላ ለቤተሰቧ አስቀድማ መንገር የሷ ፈንታ ነበር አሉ።»

«ይሄ ፍርድ ነው?»

«ምን ያርጉ? ልጁን የሚደብቅ አባት ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጽፍላቸው።»

«እሷስ ምን አለችዎት?»

«አሁን ደጅ በተመታ ቁጥር ከተኛችበት ተነስታ እየሮጠች ትወጣለች፤ ‹አለሁ! አለሁ!› እያለች።»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ማለት ግን አቃተኝ።